በገጠር እሳት አደጋና አምቡላንስ ጣቢያ የመጀመሪያውን ዓመት እንዴት ትወጣዋለህ

እሳት በየቀኑ አጠፋለሁ ብለህ ከሆነ የምትገባው፣ ብዙ ትጠብቃለህ። አንተ ስል አንቺንም ማለቴ ነው፤ በእኛ ፈረቃ ቱቦ በመጎተት የሚስተካከላት ያልነበረች ሴት ነበረች፣ ይህን ሳልል ባልፍ አትምረኝም። በገጠር ጣቢያ አብዛኛው ጥሪ የአምቡላንስ ነው። የወደቁ አዛውንት፣ ደረቱን የወጋው ገበሬ፣ ምጥ የያዛት እናት፣ ከመንገድ የወጣ መኪና። እሳቱ በየመሃሉ ብቅ ይላል፣ ብቅ ሲል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአንተ በፊት ሥራውን ጨርሶ ይጠብቅሃል።

እኔ አንድ ዓመት አገልግያለሁ። ጀግና አልነበርኩም፣ ብዙውን ጊዜ ከኋላ ሆኜ ዕቃ ሳቀብል ነው ያለፈው። ግን ዓመቱ ሲያልቅ አንድ ነገር ገብቶኛል። የከተማ ጣቢያንና የገጠር ጣቢያን የሚለያቸው ርቀት ነው። ከውሃ ትርቃለህ። ከሆስፒታል ትርቃለህ። ሊያግዝህ ከሚመጣው ሌላ ቡድን ትርቃለህ። የማትርቀው ከሰው ብቻ ነው፤ ቃሬዛ ላይ የምታስተኛውን ሰው ስሙን ታውቀዋለህ፣ ልጁንም ታውቃለህ። ከዚህ በታች የምነግርህ ምክር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከዚሁ ነው የሚመጣው።

ከመፈረምህ በፊት

ጠይቅ፣ አትፈር። ፈረቃው ስንት ሰዓት ነው? በብዙ ቦታ 24 ሰዓት ነው፣ በጎ ፈቃደኞች በሚሠሩበት ደግሞ ቤትህ ሆነህ ጥሪ ትጠብቃለህ። ብትጎዳ የሚያሳክምህ ማን ነው? ሥልጠናው መቼ ነው፣ የሚያሠለጥነውስ? ሳታሠለጥን ጭስ ውስጥ የምታስገባህ ጣቢያ ካጋጠመችህ ቦርሳህን አንስተህ ውጣ፣ ይሉኝታ እዚህ ጋ አይሠራም። ልብስና ጫማውን ደግሞ ለብሰህ ሞክር። የሰፋ ጓንት ቱቦውን አያስጨብጥህም፣ የጠበበ ኮት ደግሞ ጎንበስ ስትል ወገብህን ያጋልጠዋል።

ሁለት የጤና ነገር አለ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካልወሰድክ አሁኑኑ ጀምር። የተለመደው አሰጣጥ ሦስት ዙር ነው፣ ለመጨረስ ስድስት ወር ይፈልጋል፣ የሰው ደም ግን ስድስት ወር አይጠብቅህም። ከዚያ ልብህን ታይ። በአሜሪካ በሥራ ላይ የሚሞቱ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን በመግደል ለብዙ ዓመታት ቀዳሚ የሆነው ድንገተኛ የልብ ችግር ነው። ከእንቅልፍህ ባንነህ፣ ከባድ ልብስ ለብሰህ፣ በሙቀት ውስጥ ሃያ ደቂቃ ቱቦ ስትጎትት ልብህ ምን እንደሚሆን አስበው። ስለዚህ ሩጫ ጀምር፣ ደረጃ ውጣ፣ ሲጋራም ካለ ተወው። ይኼው ነው።

ዕቃውን በእጅህ እወቀው

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሥራህ አንድ ብቻ ይሁን። እያንዳንዱ መኪና ላይ ያለውን እያንዳንዱን በር እየከፈትክ ምን የት እንዳለ ማወቅ። እኔ የሠራልኝ ዘዴ ይህ ነው፦ በሩን ሳትከፍት በፊት በውስጡ ያለውን ጮክ ብለህ ጥራ፣ ከዚያ ክፈትና ራስህን አርም። ትንሽ ቆይተህ ዓይንህን ጨፍነህ በዳሰሳ ሞክረው። ያስቃል፣ ይስቁብሃልም። ሌሊት በዝናብ፣ የባትሪህ መብራት ጥርስህ መሃል ተነክሶ፣ ሰው "መቁረጫውን ቶሎ!" እያለ ሲጮህብህ ግን እጅህ ራሱ ይሄዳል።

ፈረቃ ስትረከብ ደግሞ ሁሉንም ነገር በእጅህ ነካክተህ ፈትሽ። በእጅህ ያልኩት አውቄ ነው። በገባሁ በሁለተኛው ወር አካባቢ ነው፣ ጠዋት አምቡላንሱን ስረከብ የመፈተሻው ወረቀት ላይ "ኦክስጂን" የሚል መስመር አለ፣ ሲሊንደሩ ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል፣ ራይት አድርጌ አለፍኩ። ከሰዓት በኋላ ትንፋሽ ያጠራቸው አዛውንት ዘንድ ተጠራን። መኪናው የማይወጣው አቀበት ነበር፣ ሲሊንደሩን ተሸክሜ እያለከለክሁ ደረስኩ። አጎነበስኩ፣ ልከፍተው እጄን ስሰድ መክፈቻ ቁልፏ የለችም። ቁልፏ የጣት ርዝመት ያላት ጠፍጣፋ ብረት ናት፣ ኪስ ውስጥ ብትገባ አትታወቅም። በእጄ ሞከርኩ፣ በጥርሴ ሁሉ ልሞክር ነበር። ሰውዬው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው፣ ከንፈራቸው እየጠቆረ፣ ምንም ሳይናገሩ ያዩኛል። ባልደረባዬ ቁልቁል ሮጦ መለዋወጫዋን አመጣ። አራት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሰውዬው ተረፉ፣ ቁልፏም ማታ የልብስ ማጠቢያው ውስጥ ተገኘች፣ የቀደመው ፈረቃ ሰው ሱሪ ኪስ ውስጥ።

የቀደመው ፈረቃ ጥፋት ነው ብዬ ልከራከር እችል ነበር። ግን ራይት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁልፏን በገመድ ከሲሊንደሩ አንገት ጋር አሰርኳት።

እግረ መንገዴን አንዲት ሂሳብ ላሳይህ። 400 ሊትር የሚይዝ ትንሽ ሲሊንደር ላይ በደቂቃ 10 ሊትር ከለቀቅክ 40 ደቂቃ ብቻ ነው ያለህ። ሆስፒታሉ የአንድ ሰዓት ከሃያ መንገድ ከሆነ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ታልቅብሃለች። ከተማ ያለ ጓደኛህ ይህን ሂሳብ አይሠራም፣ አንተ ግን በሽተኛውን ከመጫንህ በፊት መሥራት አለብህ። ሲሊንደሩ መኖሩን ሳይሆን ጌጁ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ ስንት እንደሚል አንብብ፣ ከዚያ ከፍተህ ሲተነፍስ ስማው።

መንገዱ

ብዙ አዲስ ሰው ሳይረን ሲሰማ ደሙ ይሞቃል። ደምህ ይሙቅ፣ እግርህ ግን ነዳጅ ላይ አይክበድ። ሳይደርስ የቀረ አምቡላንስ ማንንም አያድንም፣ እንዲያውም ሌላ አምቡላንስ ያስጠራል። ቀበቶ እሰር፣ ከኋላ ብትሆንም። መስቀለኛ መንገድ ላይ ቁም፣ ሳይረን ስላበራህ ሁሉ ሰው ሰምቶሃል ማለት አይደለም። ጠጠር መንገድ ላይ ጎማህ ከዳር ከወረደ መሪውን በድንገት አትጠምዝዘው፤ እግርህን ከነዳጅ አንሳ፣ ፍጥነቱ ይውረድ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ተመለስ። መኪና የሚገለበጠው ብዙ ጊዜ ከመንገድ ሲወጣ ሳይሆን ሹፌሩ ደንግጦ ሲመልሰው ነው።

ቦቴውን ደግሞ ፍራው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፣ 10,000 ሊትር ማለት አሥር ቶን የሚንቀሳቀስ ነገር ማለት ነው። ግማሽ የጎደለ ቦቴ ከሞላው ይልቅ ክፉ ነው፣ ኩርባ ላይ ውሃው ወደ ጎን ሄዶ መኪናውን ይገፋዋል። ሹፌራችን "ወይ ሙላው ወይ አፍስሰው" ይል ነበር፤ ጋሼ ነው የምንለው፣ ለመኪና እንጂ ለሰው ብዙም አይናገርም። መኪና ወደ ኋላ ስታስጠጋ ሁልጊዜ የሚመራ ሰው ይውረድ። የምትመራው አንተ ከሆንክ በመስታወት የምትታይበት ቦታ ቁም። ሹፌር ከሆንክ ደግሞ የሚመራህ ሰው ከመስታወትህ በጠፋባት ሰከንድ ቁም።

ከሥራ ውጪ ባለህ ሰዓት መንገዶቹን ዞረህ እያቸው። የትኛው ድልድይ ቦቴ አይችልም? የትኛው በር ነው መኪናውን የማያሳልፈው? ሬዲዮው የትኛው ኩርባ ላይ ይጠፋል፣ የትኛው ጉብታ ላይ ይመለሳል? ማስታወሻ ደብተር ግዛና ጻፈው። ስልክ ላይ አትጻፈው አልልም፣ ግን የስልክ ባትሪ ልክ በምትፈልገው ሰዓት ነው የሚያልቀው።

ውሃው

የገጠር እሳት አጥፊ ጥበቡ ውሃው ላይ ነው ባይ ነኝ፣ ስለዚህ እዚህ ትንሽ ልቆይ።

መኪናህ 3,000 ሊትር ይዟል እንበል። ቱቦው በደቂቃ 400 ሊትር ያወጣል። ሰባት ደቂቃ ተኩል። አለቀ። ከዚያ በኋላ ቱቦ ይዘህ ቆመህ እሳት ታያለህ፣ ሰፈርተኛው ደግሞ አንተን ያያል። ስለዚህ ወደ ቦታው ስትሄድ ገና መንገድ ላይ ሆነህ "ቀጣዩ ውሃ ከየት ነው?" ብለህ ጠይቅ። ኩሬ፣ ወንዝ፣ የመስኖ ገንዳ፣ የእንስሳት ማጠጫ፣ ሁሉም ይቆጠራል።

ቦቴ የሚያመላልስ ከሆነ የቦቴውን መጠን አትይ፣ ዙሩን እይ። 10,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ ተሞልቶ፣ ሄዶ፣ አራግፎ፣ ተመልሶ እስኪሞላ 40 ደቂቃ ከወሰደበት፣ በእውነቱ ያለህ በደቂቃ 250 ሊትር ነው። ከዚያ በላይ የምትረጭ ከሆነ ከነገ እየተበደርክ ነው። ዙሩን ለማሳጠር ፍጥነት አትጨምር። የመሙያውንና የማራገፊያውን ጊዜ ቀንስ። ወፈር ያለ ቱቦ ተጠቀም፣ ታጣፊ ገንዳ ዘርግተህ ቦቴው እዚያ ላይ ባንዴ ደፍቶ ይሂድ፣ መኪናህም ከገንዳው ይሳብ።

ከኩሬ መሳብ ሌላ ትምህርት ነው። ፓምፑ ውሃውን ይስበዋል እንላለን እንጂ በእርግጥ የሚያደርገው መሳቢያ ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ማውጣት ነው፣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጪው አየር ክብደት ነው። ለዚህ ነው ወሰን ያለው። በባሕር ወለል ላይ በንድፈ ሐሳብ 10 ሜትር ገደማ ነው፣ በተግባር 7 ሜትር ካገኘህ ተመስገን በል። ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ በየ1,000 ሜትሩ አንድ ሜትር ገደማ ይቀንስብሃል። እና ደጋ ላይ ከሆንክ ፓምፑን ወደ ውሃው አስጠጋ፣ ሌላ መላ የለም።

አንድ ቀን ልምምድ ላይ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ፓምፑ አልስብ አለን። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጌጁ ይንቀጠቀጣል፣ ውሃ የለም። ፓምፑን ረገምነው፣ ፋብሪካውን ረገምነው። በኋላ ጋሼ መጥቶ የመሳቢያ ቱቦውን መጋጠሚያ ፈታው፣ የጎማ ቀለበቷን አወጣት፣ በአውራ ጣቱ ዙሪያዋን ዳሰሳት፣ አንዲት የአሸዋ ፍሬ አገኘ። በሱሪው ጠረጋት፣ መለሳት፣ ገጠመ። ውሃው መጣ። ምንም አላለንም፣ ተመልሶ ሄደ። እዚያች አሸዋ ጎን በምትገኝ ቀዳዳ ነው አየር ሲገባ የነበረው። ስለዚህ መጋጠሚያን ሁልጊዜ በጣትህ ዳስሰህ ግጠም። ቱቦው ጫፍ ላይ ያለውን ማጥለያ ደግሞ በገመድ አንጠልጥለህ ከውሃው ፊትም ከወለሉም ግማሽ ሜትር ያህል አርቀው። ከላይ ከሆነ አየር፣ ከታች ከሆነ ጭቃ ትስባለህ።

ቤት ሲቃጠል

ስትደርስ መጀመሪያ ቤቱን ዙረው። በአራቱም አቅጣጫ። ሰው ውስጥ አለ ወይ? ጎረቤት ቤት ምን ያህል ይርቃል? የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ጉድጓድ አለ? ሽቦ ካለ ኃይሉ መቋረጡ እስኪረጋገጥ ማንም አይጠጋ፣ አጥሩም የሽቦ ከሆነ እሱንም አትንካ። የገጠር ቤት ላይ ብዙ ጊዜ የምትገባበት ውሳኔ መራራ ነው። ይህ ቤት አልቋል፣ ያለችህን ውሃ ጎረቤቱ ላይ አውላት። ባለቤቱ አጠገብህ ቆሞ እያለቀሰ ጀርባህን ለቤቱ ሰጥተህ ያልተቃጠለ ግድግዳ ማርጠብ እንዴት እንደሚከብድ አልነግርህም። ሰው ልከህ ምን እያደረግን እንደሆነ አስረዳው። አንድ ሰው ከእሱ ጋር ይቁም።

የምትገባ ከሆነ ብቻህን አትገባም፣ ውጪም ሊያወጣህ የተዘጋጀ ሰው ይኖራል። "30 ደቂቃ" የሚል የአየር ሲሊንደር በሥራ ላይ 30 ደቂቃ አይሰጥህም፣ ስትደክምና ስትፈራ ግማሹን ልትጨርሰው ትችላለህ። እንግዲህ የመውጫህንም ጊዜ ከዚያ ቀንስ። የማስጠንቀቂያው ደወል ሲጮህ መውጣት ለመጀመር ሳይሆን ደጅ ለመሆን አስብ። የተዘጋ በር ሳታስብ አትክፈት፣ አየር ያገኘ እሳት ክፍሉን ባንድ ጊዜ ቦግ ሊያደርገው ይችላል። ውሃ እንፋሎት ሲሆን 1,700 እጥፍ ገደማ እንደሚሰፋም አትርሳ። በጠባብ ክፍል ብዙ ውሃ ያለ ቦታው ከረጨህ ራስህን ትቀቅላለህ፣ የረጠበ ጓንትም እንደዚሁ ያቃጥላል።

ሰደድ እሳት

የሣር እሳት ቀላል ይመስላል። ቁመቱ ጉልበትህ ድረስ ነው፣ ትንሽ ቅጠል ይዘህ የምታጠፋው ይመስልሃል። ሰው የሚገድለው ይህ ንቀት ነው። ነፋስ ሲዞር ሮጠህ አታመልጠውም። አቀበት ላይ ደግሞ ይብሳል፣ በየ10 ዲግሪ ተዳፋት ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል የሚባል የሥራ ልምድ ስሌት አለ። ስለዚህ ከእሳት በላይ ሆነህ ቁልቁል አትጠብቀው። ከፊቱ አትቁም፣ ከተነሳበት ጀምረህ በጎኑ እያጠፋህ ሂድ፣ አንድ እግርህ ሁልጊዜ የተቃጠለው ጥቁር መሬት ላይ ይሁን። ሙሉ በሙሉ የተቃጠለ ዳግም አይቃጠልም።

ፖል ግሊሰን የተባለ አሜሪካዊ የሰደድ እሳት ተዋጊ እ.ኤ.አ. በ1991 ያቀረበውን አራት ነገር በቃልህ ያዝ፦ የሚያይልህ ጠባቂ፣ የማይቋረጥ መገናኛ፣ የማምለጫ መንገድ፣ የምታርፍበት አስተማማኝ ቦታ። አራቱ ካልተሟሉ ሥራ አትጀምር። ሲነገር ቀላል ነው፣ ግን ሰፈሩ ሁሉ ቅጠል ይዞ እየሮጠ "ምን ትጠብቃላችሁ?" እያለ ሲጮህባችሁ ቆሞ ማምለጫ መንገድ መፈለግ ድፍረት ይጠይቃል። ካጠፋህ በኋላም አትሂድ። ጓንትህን አውልቀህ የእጅህን ጀርባ ወደ አመዱ አስጠግተህ ሙቀቱን ፈልግ። ጉቶ ውስጥ የተደበቀ ፍም በማግስቱ ነፋስ ሲነሳ ይጠራሃል።

አምቡላንሱ

አብዛኛው ዓመትህ እዚህ ነው የሚያልፈው። ትልቁ ስህተት ሥራውን ቶሎ መጫንና ቶሎ መሄድ ብቻ አድርጎ ማሰብ ነው። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች በተግባር እናንተ ናችሁ።

ልቡ የቆመ ሰው ላይ የደረት መሃል ላይ ተጫን። ለአዋቂ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር፣ ሠላሳ ተጭኖ ሁለት ትንፋሽ። ዲፊብሪሌተር፣ ማለትም ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳው መሣሪያ፣ ካለ ወዲያው ግጠመው፣ የሚልህን አድርግ። በየሁለት ደቂቃው ተቀያየሩ። "አልደከመኝም" የሚል ሰው ሁሌም አለ፣ ደክሞታል፣ ቀይረው። የሚንቀሳቀስ መኪና ውስጥ ጥሩ አድርጎ መጫን ከባድ ስለሆነ፣ ባለህበት ቦታ በደንብ መሥራት ከመሮጥ ይሻላል።

ፊቱ አንድ ጎን የተጣመመ፣ እጁ የዛለ፣ ንግግሩ የተሳሰረበት ሰው ስታይ ስትሮክ ጠርጥር። "መቼ ጀመረው?" ብለህ ብቻ አትጠይቅ። "ደህና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ማን ነው፣ ስንት ሰዓት ላይ?" በል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በሚቆጠር የአራት ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው። ያየውን ሰው ከተቻለ ይዘህ ሂድ፣ ካልተቻለ ስልኩን ተቀበል። የሰከረ የሚመስል ሰው ካገኘህ ደግሞ ከመፍረድህ በፊት ስኳሩን ለካ። የሚዋጠውን መድኃኒት በሙሉ ከነከረጢቱ ውሰድ፣ ሐኪሙ ያመሰግንሃል።

ከእጅ ወይም ከእግር ደም የሚንፎለፎል ከሆነ መጀመሪያ በኃይል ተጫን። ካልቆመ ቱርኒኬት (ደም ማቆሚያ ማሰሪያ) ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገህ እሰር፣ መገጣጠሚያ ላይ አይሁን፣ ደሙ እስኪቆም አጥብቅ። ያምመዋል፣ ይጮኻል፣ አትፍታ። ያሰርክበትን ሰዓት ጻፍ።

ምጥ ይመጣብሃል፣ ይህን ያለ ጥርጥር እነግርሃለሁ። ሕፃኑ እየወጣ ከሆነ መኪናውን አቁም። አትጎትት። እጅህን ደግፈህ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ብቻ አግዝ። ከዚያ በደንብ አድርቀው፣ እናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አስተኛው፣ ሁለቱንም ሸፍን። እያለቀሰ ከሆነ እትብቱን ለመቁረጥ አትቸኩል፣ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይቆይ። የተወለደበትን ሰዓት ጻፍ። እኔ ያየሁት አንዱ መንገድ ዳር ነበር፣ የመኪናው ሞተር ጠፍቶ፣ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ። ለሃያ ሰከንድ ያህል ዝም ነበር ያለው፣ ባልደረባዬ ጀርባውን በፎጣ ስታሸው፣ ከዚያ ጮኸ። ሰዓቱን ስጽፍ እጄ ስለተንቀጠቀጠ ሁለት ጊዜ ነው የጻፍኩት።

ሆስፒታል ስትደርስ ተረክ አትጀምር። ዕድሜ፣ ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳገኘህ፣ ምን እንዳደረግህ፣ ከዚያ ወዲህ ተሻለው ወይስ ባሰው። ግማሽ ደቂቃ። አንዳንዱ ተረካቢ ሳያይህ ያናግርሃል፣ አንድ ጊዜ ሰው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ፈርሞ ሰጠኝ። ተናድጄ ነበር። ቢሆንም ወረቀቱን ሙሉ አድርገህ ስጥ።

ከእሳት በኋላ

በጥቀርሻ የጠቆረ ልብስ ይዞ ፎቶ መነሳት ደስ ይላል። ግን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2022 እ.ኤ.አ. የእሳት አጥፊነትን ሥራ ራሱን ካንሰር አምጪ ከሚባሉት የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ መድቦታል። ስለዚህ እዚያው ቦታው ላይ የልብስህን ጥቀርሻ በውሃና በብሩሽ አስለቅቅ፣ ፊትህን፣ አንገትህን፣ እጅህን ታጠብ። ልብሱን ሹፌሩ ወንበር አጠገብ አታስቀምጥ፣ መኝታ ክፍልና ማዕድ ቤትማ በጭራሽ። ቤትህ ይዘህ አትሂድ፣ ልጆች አሉ።

የቀረው ሰዓት

መጠበቅ ነው። ፈረቃው ረጅም ነው፣ ሰው ከሰው ጋር ይሰለቻቻል። ዕቃ እጠብ፣ መጸዳጃ ቤቱን አጽዳ፣ አዲስ ስለሆንክ ሳይሆን አንድ ሰው ማጽዳት ስላለበት። የመጨረሻውን የሽንት ቤት ወረቀት ጨርሶ የሚሄድ ሰው በየትኛውም ጣቢያ አይወደድም። ስትችል ተኛ፣ ቀን ቢሆንም።

ያየኸውን አታውራ። ይህ በገጠር ከየትም በላይ ይከብዳል። ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ "እንትና እንዴት ሆነ? እናንተ አይደላችሁም የወሰዳችሁት?" ይልሃል። "ቤተሰቡን ጠይቁ" በልና እለፍ። ያስቀይምሃል፣ ያስቀይም። አንዴ ካወራህ የሚቀጥለው ሰው ሕመሙን ይደብቅሃል።

የምታውቀው ሰው ይሞትብሃል። አይቀርም፣ ሰፈሩ ትንሽ ነው። ከእንደዚህ ያለ ጥሪ ስትመለስ ብቻህን ቤት አትግባ። ከቡድኑ ጋር ትንሽ ተቀመጥ፣ መኪናውን አብራችሁ እጠቡ፣ ማውራት ያልፈለገ አያውራ። እንቅልፍ ማጣት፣ ብስጭት፣ ያየኸው ነገር በዓይንህ መመላለስ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ያጋጥማል። ወር ካለፈውና ካልቀነሰ ግን ባለሙያ ዘንድ ሂድ። በመጠጥ ልታባርረው ከሞከርክ ደግሞ ወሩንም አትጠብቅ። "ወንድ ነህ፣ ቻለው" የሚልህ አዛውንት ባልደረባ ይኖራል፣ አክብረው፣ ምክሩን ግን አትስማ።

የመጨረሻው ወር

ያችን ማስታወሻ ደብተር በንጹህ ጽሑፍ ገልብጣት። ኩሬው በየትኛው ወር እንደሚደርቅ፣ የትኛው ግቢ ውሻው ሳይታሰር እንደሚያድር፣ የትኛው በር ቁልፉ ጎረቤት ዘንድ እንዳለ። የበሽተኛ ስም አትጻፍባት። ለሚተካህ ሰው ስጠው፣ ከዚያ አንድ ሁለት ፈረቃ አብረኸው ሥራ።

የእኔ ተተኪ ቀልጣፋ ልጅ ነበር። የመጀመሪያ ቀኑ ጠዋት አምቡላንሱን ሊረከብ ወረቀቱን ይዞ ገባ፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ወጣ። እሱ ሲወጣ እኔ ገባሁ። የኦክስጂኑን ቁልፍ ከገመዷ ፈታሁና ኪሴ ከተትኳት፣ በሩ ላይ ደረስኩበት።

"ዝግጁ ነው?" አልኩት።

"ሙሉ በሙሉ" አለኝ፣ ራይት የሞላበትን ወረቀት እያሳየኝ።

"ና እስቲ ክፈትልኝ" ብዬ ሲሊንደሩን አቀበልኩት።